የክሊኮ መበለት፦ ያ የተበሳ ጠረጴዛ በትክክል ምን ፈታ?

ሥርወ ወይን፦
ሰላም ወገኖች። ስለ ፈረንሳዩ የሻምፓኝ አምራች ድርጅት ስለ ቭቭ ክሊኮ የሚጻፈው ሁሉ «ባርብ ኒኮል በ1816 የጠርሙስ ማዞሪያ ጠረጴዛ ፈጠረች» ብሎ ያልፋል። ባሏ በ1805 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት 27 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዘመን የቤተሰቡ ንግድ እንዴት በሴት እጅ ገባ? ጠረጴዛውስ የትኛውን ችግር ነው ያቃለለው? የምታውቁ አስረዱኝ።

የሕግ ወዳጅ፦
የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ስሙ ላይ አለ፤ «ቭቭ» በፈረንሳይኛ መበለት ማለት ነው። የ1804ቱ የናፖሊዮን ፍትሐ ብሔር ሕግ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ እንድትዋዋል አይፈቅድም ነበር። መበለት ግን በራሷ ስም ትዋዋላለች፣ ትከሳለች፣ ትከሰሳለች። ብታገባ ይህን ታጣለች፤ እሷም በ1866 እስክትሞት አላገባችም። የባሏ አባት ፊሊፕ ክሊኮ ባይስማማና ገንዘብ ባይጨምርላት ኖሮ ግን ሕጉ ብቻውን የትም አያደርሳትም ነበር።

ቡሽ ነቃይ፦
ወደ ጠረጴዛው ልምጣ። ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ዛሬ በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳር ይጨመርና ግፊቱ ወደ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። ፍላቱ ሲያበቃ የሞተው እርሾ እንደ ጠጅ አምቡላ ከታች ይቀራል። ጠጅ ቢሆን ቀድቶ ማጥለል ነው፤ እዚህ ግን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ጋዙ ይወጣል፣ ወይኑም ይባክናል።

መፍትሔው ጠርሙሱን በአፉ ዘቅዝቆ በጠረጴዛው ቀዳዳ መሰካት ነው። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ ማዞር፣ ቀስ በቀስም አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እስኪሆን ማዘቅዘቅ፤ በእጅ ሲሠራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ለምን ይዞራል? ከባዱ አምቡላ በራሱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ግን መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲዞር ከባዱ ቀላሉን ጠርጎ ይወስደዋል። በኃይል ከተናጠ ቀላሉ ተመልሶ ይበተንና ወይኑ ይደፈርሳል። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ከተኛም መስመር ሠርቶ ይደርቃል፤ ያን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

በመጨረሻ ቡሹ ሲነቀል ግፊቱ አምቡላውን ይተፋዋል። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር የእጅ ፍጥነት ነው፦ ጠርሙሱ ቀድሞ ከተቃና አምቡላው ይመለሳል፣ ከዘገየ ደግሞ ጥሩው ወይን ይፈስሳል። የጎደለው በወይንና በስኳር ይሞላል።

ሬምስ፦
ሦስት ነገር ልጨምር። ጠረጴዛው የጠርሙስ ፍንዳታን አላስቀረም። የዚያ መንስኤ የስኳር ልክ አለመታወቁ ነበር፤ ስሌቱን በ1836 ያመጣው ፍራንስዋ የተባለ የሻሎን ከተማ ፋርማሲስት ነው። ጠረጴዛውን በማሻሻል ረገድም የምድር ቤቷ ኃላፊ የአንቷን ሙለር እጅ አለበት፤ ብቻዋን ሠራችው ማለት ልክ አይመስለኝም። ለእኔ የ1818ቱ ሥራዋ ከዚህ አያንስም፤ ሮዜው (ሮዝ ቀለም ያለው ሻምፓኝ) በተክል ፍሬ ይቀለም የነበረበትን መንገድ ትታ ከቡዚ መንደር የመጣ ቀይ ወይን ቀላቀለችበት።

ሥርወ ወይን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከእሷ በኋላ ለልጇ ተላለፈ?

ሬምስ፦
አልተላለፈም። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ድርጅቱን የወረሰው ግን በ1831 ሸሪክ ያደረገችው ሠራተኛዋ ኤድዋርድ ቬርሌ ነው።