ሁለት ወር በስሪላንካ፦ ቤተ መቅደስ፣ ባሕር እና ተዘግቶ የሚቆይ ቤት

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ለሁለት ወር ስሪላንካ ልሄድ ነው። ግማሹን ጊዜ በቡድሂስት ቤተ መቅደሶች፣ ግማሹን በባሕር ዳርቻ ማሳለፍ እፈልጋለሁ። ለባሕሩ ሚሪሳን ወይም ኡናዋቱናን አስቤአለሁ። በቤተ መቅደስ ሳላውቅ ነውር እንዳልሠራ ምን ልጠንቀቅ? ሌላው ጭንቀቴ ቤቴ ነው። በጣም የምወደው ቤት ነው፤ ሁለቱን ወር ሰው አይኖርበትም። እንዴት አድርጌ ልዝጋው?

ደቡብ ነፋስ፦
እህቴ፣ ማረፊያ ከመያዝሽ በፊት ዳርቻውን ቀይሪ። ስሪላንካ ሁለት ሞንሱን፣ ማለትም ዝናብ ይዘው የሚመጡ ወቅታዊ ነፋሶች፣ አሏት። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ዝናቡንም ማዕበሉንም የሚያወርደው በደቡብ ዳርቻ ባሉት በእነሚሪሳና ኡናዋቱና ላይ ነው። በዚያ ወቅት እዚያ ያለው ባሕር ለዋና አደገኛ ነው። ዝናቡ መሀል ያሉት ተራሮች ላይ ስለሚቀር የምሥራቁ ዳርቻ ደረቅና የተረጋጋ ይሆናል። ስለዚህ ከትሪንኮማሊ በስተሰሜን ወዳለው ኒላቬሊ ሂጂ። አሩጋም ቤይም በምሥራቅ ነው፤ ግን የሰርፊንግ (በሰሌዳ በማዕበል ላይ የመንሸራተት) ቦታ ስለሆነ ማዕበሉ ትልቅ ነው፤ ለዋና ኒላቬሊ ይሻላል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ቢሆን ኖሮ ምርጫሽ ትክክል ነበር።

ይህ ለቤተ መቅደሶቹም ይጠቅምሻል፤ አኑራዳፑራ፣ ፖሎናሩዋና ዳምቡላ ወደ ትሪንኮማሊ በሚወስደው አቅጣጫ ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ኮሎምቦ ሳትገቢ ቅርብ በሆነችው ኔጎምቦ አንድ ሌሊት እደሪ፤ ከዚያ አኑራዳፑራ፣ ፖሎናሩዋ፣ ኒላቬሊ፣ በመመለሻሽ ዳምቡላና ካንዲ። የካንዲው ትልቅ በዓል ኤሳላ ፔራሄራ በጁላይ ወይም በኦገስት ይውላል፤ ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለያያል። በዚያ ሰሞን የማረፊያ ዋጋ በጣም ይወደዳል፣ አልጋም ይጠፋል። በዓሉን ማየት ካልፈለግሽ ካንዲን ከበዓሉ በኋላ አድርጊው።

ቪዛውን በኢንተርኔት አስቀድመሽ አመልክቺ። የመጀመሪያው የቱሪስት ፈቃድ 30 ቀን ስለሆነ ለሁለት ወር ማራዘም አለብሽ፤ ማብቂያውን ሳትጠብቂ ጀምሪው። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የምትነሺ ከሆነ ደግሞ የክትባት ካርድ ትጠየቂያለሽ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አያዋጣም።

ነጭ ሎተስ፦
ስለ ቤተ መቅደሱ ልጨምር። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ልብስ ይመረጣል። ጫማ ብቻ ሳይሆን ባርኔጣም ይወልቃል። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ በአኑራዳፑራ ሩዋንወሊሳያ የሚባለውን ትልቅ ዳጎባ (ጉልላት መሰል የቡድሂስት መቅደስ) የከበበው የድንጋይ ወለል እኩለ ቀን ላይ እግር ያቃጥላል። ካልሲ ስለሚፈቀድ ወፈር ያለ ካልሲ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ጎሕ ሲቀድ መድረስ ነው። ዳጎባውን ስትዞሪ በቀኝ እጅሽ በኩል ይሁን።

ፎቶ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ መነሣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በ2012 ሐውልት ሲስሙ ፎቶ የተነሡ ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ፍርድ ቤት ቀርበው በገደብ የተያዘ እስራት ተፈርዶባቸዋል። በ2014 ደግሞ ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት ያላት እንግሊዛዊት ከአገር ተባራለች። እንዲህ ያለ ንቅሳት ካለሽ ሸፍኚው። መነኩሴን አትንኪ፤ የምትሰጪው ነገር ካለ አጠገቡ አስቀምጪለት። ለመሥዋዕት የያዝሽውን አበባም አታሽቺው፤ መዓዛው ለቡድሃ የተሰጠ ነውና።

የቡድሃ ጥርስ እንዳለበት በሚታመነው በካንዲ የቅዱስ ጥርስ ቤተ መቅደስ አምልኮ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፦ 11፡30 ንጋት፣ 3፡30 ጠዋትና 12፡30 ምሽት ገደማ። የንጋቱ ግርግር ያንሳል። ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን፣ ፖያ የሚሉት፣ በየወሩ ብሔራዊ በዓል ነው፤ መጠጥ አይሸጥም፣ ቤተ መቅደሱ ግን ነጭ በለበሰ ምእመን ይሞላል። ከተቻለሽ አንዱን ፖያ አኑራዳፑራ አሳልፊው።

ቁልፍ ያዥ፦
ወደ ቤትሽ ልምጣ። ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዝጊ፣ ከዚያ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ከፍተሽ ግፊቱን አስወጪ። ሰው በሌለበት ቤት ከባድ ጥፋት ከሚያመጡት አንዱ ከሽንት ቤትና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ያለው ቱቦ መፈንዳቱ ነው። የጋዙን ምድጃ ማጥፋት አይበቃም፤ ሲሊንደሩ ላይ ዝጊው።

ፍሪጁን ከመሄድሽ አንድ ቀን በፊት ንቀዪና በረዶው ይቅለጥ። አድርቀሽ በሩ እንዳይገጠም ጨርቅ ጣልቃ አድርጊበት፤ ከተዘጋ ሻጋታ ያወጣል። የቁም ሣጥኑንም በር ክፍት ተዪው። ብዙዎች የሚረሱት የወለል ፍሳሽ ነው፦ በውስጡ የሚቆመው ውኃ በሳምንታት ውስጥ ስለሚደርቅ ሽታና በረሮ ይመጣል። በመጨረሻ ውኃ ሙዪበትና ከላዩ አንድ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሪ፤ ትነቱን ያዘገየዋል።

ይህን ሁሉ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሺ፤ ውኃውና ጋዙ ብቻ ለመውጫሽ ይቆዩ። ቤቱን የምትወጂው ከሆነ የመጨረሻው ምሽት በሻንጣና በጥድፊያ ማለቅ የለበትም። ቁጭ ብለሽ የምትሰናበቺበት ጊዜ ይኑርሽ። እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሺ፦ ጉዳት ቢደርስ ማስረጃ ነው፣ ሲናፍቅሽም ታዪዋለሽ።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ኒላቬሊን ይዣለሁ። ተክሎቼንስ? ገመድ ከባልዲ ውኃ እየሳበ ያጠጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ቁልፍ ያዥ፦
የጥጥ ገመዱ ለሁለት ሳምንት ገደማ ይሠራል፤ ለሁለት ወር አይሆንም፤ ባልዲው ያልቃል። ተክሎቹን ቁልፍ ለምትሰጪው ሰው ቤት ውሰጂያቸው፤ በሳምንት ስንቴ እንደሚጠጡም በየማሰሮው ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። የውኃ መዝጊያው የት እንዳለም በዚያው አሳዪው።