የ28 አመት እህቴ ባይራድስ 4ኤ ተባለች፣ ባዮፕሲ የግድ ነው?

ሰላም ለሁላችሁም፣ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ታናሽ እህቴ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጠር ያለች ነገር አግኝታ አልትራሳውንድ ተነሳች። ሪፖርቱ ሞላላ ነው፣ ጠርዙ ባብዛኛው ግልጽ ነው፣ ባንድ በኩል ግን ጎርበጥ ይላል፣ ባይራድስ 4ኤ (የጡት ምስል የጥርጣሬ ደረጃ ነው) ይላል። ሐኪሙ ኮር ባዮፕሲ፣ ማለትም በወፍራም መርፌ ናሙና መውሰድ፣ አዘዘ። እማዬ ደግሞ ገና ልጅ ናት፣ አያማትም፣ ሲነኩት ይንሸራተታል፣ መርፌ ከነካው ይሰራጫል ብላ እምቢ አለች። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ሳትነሳስ እንዴት ባዮፕሲ ይባላል?

ራዲዮሎጂ ሬዚደንት፦
አይዞሽ እህቴ። ከ30 አመት በታች መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው፣ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ካንሰርም ነጭ ነው፣ አይለይም። 4ኤ ማለት ካንሰር የመሆን እድሉ ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው፣ አብዛኛው ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ምናምን ሆኖ ነው የሚወጣው። ግን መንሸራተቱ አያዘናጋችሁ። ጠርዙ እሾሃማ ሆኖ ከኋላው ጥላ የሚጥለው ካንሰር ብዙ ጊዜ በሆርሞን የሚያድገው አይነት ነው። ትሪፕል ኔጌቲቭ ግን፣ የሆርሞን ተቀባይም ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲንም የማይበዛበት ካንሰር፣ ወጣቶች ላይ ከትልልቆቹ ይበልጥ የሚታየው ማለት ነው፣ ቶሎ ስለሚያድግ ክብ ወይ ሞላላ ሆኖ፣ ጠርዙ ለስለስ ብሎ፣ ካልሲፊኬሽንም (የካልሲየም ነጠብጣብ) ሳይኖረው ይመጣና ቁርጥ ፋይብሮአዴኖማ ይመስላል። በምስል ብቻ መለየት አይቻልም፣ ለዛ ነው ናሙና የሚወሰደው። ሄር ቱ የበዛበት ካንሰር (ሄር ቱ ፖዘቲቩ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ካልሲፊኬሽን አለው፣ እሱ ማሞግራም ላይ ነው በደንብ የሚታየው፣ ስለዚህ ውጤቱ ካንሰር ካለ በ28ም ቢሆን ማሞግራም ትነሳለች። መርፌው በሽታውን ያባብሳል የሚባለው እውነት አይደለም።

ጠያቂዋ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ኤፍ ኤን ኤ (በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና) በርካሽ ይሰራል፣ እሱስ አይበቃም?

የሁለት ልጆች እናት፦
የኔ ቆንጆ ባይሆን ይሻላል፣ እኔ በ34 አመቴ ታምሜ አውቀዋለሁ። በቀጭኑ መርፌ የሚወጣው ሴል ብቻ ነው፣ ኮር ባዮፕሲ ግን ቁራጭ ሥጋ ስለሚያወጣ ካንሰር ከሆነ እዛው ላይ ኢአር፣ ፒአር (የሆርሞን ተቀባዮች) እና ሄር ቱ ምርመራ ይሰራል፣ መድኃኒቱ የሚወሰነው በሱ ነው። እኔን አጠባ ስለነበር ወተት ነው ብለው መለሱኝ፣ ወራት አለፈ፣ ኋላ ትሪፕል ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ፣ አሁን ተመስገን ህክምናዬን ጨርሻለሁ። እማማን ለባዮፕሲው ከእህትሽ ጋር ውሰጃቸው፣ ቦታው ደንዝዞ እንደሚሰራ ሐኪሙ ራሱ ይንገራቸው።

ራዲዮሎጂ ሬዚደንት፦
ትክክል ብላለች። በቤተሰብ የጡት ወይ የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ካለም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ቢአርሲኤ 1 ከሚባለው በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ ጋር የሚመጣው የጡት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ትሪፕል ኔጌቲቭ ነው። የአልትራሳውንዱን ሲዲም ይዛችሁ ሂዱ።