ቬኒስን ከጓደኞች ጋር ለማየት፦ የት ማደር፣ በምን መንቀሳቀስ፣ ምን ማየት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሠናይት ዘፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አብረን ያደግንና ዛሬ በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የምንኖር አራት ጓደኛሞች በመጪው ኦክቶበር ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ቬኒስ ላይ ለመገናኘት ተስማምተናል። ፍላጎታችን ግን አንድ አይደለም፤ አንዷ ሙዚየምና አብያተ ክርስቲያናትን ማየት ትወዳለች፣ ሁለተኛዋ በቦዮቹ ዳር በእግር መንሸራሸርን ትመርጣለች፣ ሦስተኛዋ ረቡዕና ዓርብን ስለምትጾም የምግቡ ነገር ያሳስባታል፣ እኔ ደግሞ ወጪው እንዳይበዛብን እሰጋለሁ።

በዋናው ምድር ላይ በምትገኘው መስትሬ ያሉት ሆቴሎች በደሴቶቹ ላይ ካሉት በጣም እንደሚረክሱ አይቻለሁ። እዚያ አድረን በየቀኑ ብንመላለስ ምን ይጎድልብናል? ጎንዶላ በሚባለው በመቅዘፊያ በሚሄደው ጠባብ ጀልባ መሳፈርስ ለዋጋው የሚገባ ነውን? እንዲሁም ከተማዋ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁና የት ሊታይ እንደሚችል የምታውቁ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

መልስ፦ በኃይሉ ዘፓዶቫ

እህት ሠናይት፣ ከቻላችሁ በደሴቶቹ ላይ እደሩ። ምክንያቱም ቬኒስን የሚያጨናንቃት እዚያ የሚያድረው ሕዝብ ሳይሆን ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው ጎብኚ ነው። በታሪካዊው ክፍል የሚኖረው ነዋሪ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ወርዷል፤ የቀኑ እንግዳ ሲሄድ ከባቡር ጣቢያው በሪያልቶ አድርጎ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የሚዘልቀው መንገድ ተከፍቶ፣ ቀን ላይ ትከሻ ለትከሻ ሳይጋፉ የማይታለፍባቸው ድልድዮች ቆም ብሎ ለመነጋገር እንኳ ይመቻሉ። አራት ጓደኛሞች ተገናኝተው የሚጫወቱበት ሰዓት ደግሞ ማታው ነው፤ በመስትሬ ካደራችሁ የምታጡት ይህንኑ ነው። ዋጋው እንዳይከብዳችሁ በቅዱስ ማርቆስ አጠገብ ሳይሆን በካናሬጆ ሰሜናዊ ጠርዝ ወይም በካስቴሎ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቪያ ጋሪባልዲ አካባቢ ፈልጉ። በእነዚህ ሰፈሮች የታጠበ ልብስ በየመስኮቱ ተሰጥቶ ታያላችሁ፤ ሰው የሚኖርባት ቬኒስ ያለችው እዚያ ነው።

በከተማዋ ውስጥ መኪና ቀርቶ ብስክሌት እንኳ ስለማይፈቀድ ያለው መንገድ እግርና ጀልባ ነው። ቫፖሬቶ የሚባለው የሕዝብ ጀልባ ለ75 ደቂቃ 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል፤ የ24 ሰዓቱ ቲኬት 25 ዩሮ፣ የ72 ሰዓቱ ደግሞ 45 ዩሮ ነው። በእግር መሄድን ለሚወድ ሰው በየቀኑ ቲኬት መያዝ አያስፈልግም። እኔ የምመክረው ራቅ ወዳሉት ደሴቶች የምትሄዱበትን ቀን መርጣችሁ የ24 ሰዓቱን እንድትገዙና፣ በዚያው ቲኬት ማታ ላይ ከፒያሳሌ ሮማ በ1 ቁጥር ጀልባ ተሳፍራችሁ ታላቁን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድታዩ ነው። ቦዩ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚሻገሩት ድልድዮች ግን አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም የሪያልቶ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1591 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የመጨረሻው በ2008 የተከፈተ ነው።

የጎንዶላ ዋጋ በከተማው አስተዳደር የተወሰነ ነው፤ በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ 110 ዩሮ ሲሆን፣ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። እስከ አምስት ሰው ስለሚይዝ ለአራት ስታካፍሉት ያን ያህል አይከብድም። ከወሰናችሁ ግን በታላቁ ቦይ ላይ ሳይሆን ትልልቅ ጀልባዎች በማይደርሱባቸው ጠባብ ቦዮች እንዲወስዳችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ የጎንዶላ ጥቅሙ በሌላ ጀልባ በማይደረስበት ቦታ ማለፉ ነው። ያለዚያ በሪያልቶ ገበያ አጠገብ በሳንታ ሶፊያ በኩል ታላቁን ቦይ የሚያሻግረው ትራጌቶ የሚባለው ጎንዶላ በ2 ዩሮ ያሻግራችኋል። ጉዞው አጭር ቢሆንም ቀዛፊዎቹን በሥራቸው ላይ በቅርብ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የቀን ጎብኚዎች መግቢያ ክፍያ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉ የተመረጡ ቀናት ሲጠየቅ የቆየ በመሆኑ በኦክቶበር ብዙ አያሳስባችሁም። ስለ ጎርፍም ቢሆን፣ በኖቬምበር 2019 ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን ክፉኛ ከጎዳ በኋላ፣ በባሕሩ መግቢያዎች ላይ የተተከሉት ሞሴ የሚባሉት ተንቀሳቃሽ ግድቦች ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ከፍተኛ ማዕበል ሲጠበቅ እየተነሱ ውሃውን ያግዳሉ።

መልስ፦ ወለተ ማርያም

ስለ ኢትዮጵያ ለጠየቁት እኔ ልመልስ፤ ይህ ጉዳይ ከልቤ የምወደው ነውና።

በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ በኮሬር ሙዚየም በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ የፍራ ማውሮን የዓለም ካርታ ታገኛላችሁ። ፍራ ማውሮ በሙራኖ አቅራቢያ ባለው በሳን ሚኬሌ ገዳም የኖረ መነኩሴ ሲሆን፣ ካርታውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር የሚያህል ክብ ነው። ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለሣለው አገራችን በካርታው የላይኛው ክፍል ትገኛለች፤ ዓባይና ተከዜም በስማቸው ሰፍረዋል። መነኩሴው በካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፣ አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹንና ወንዞቹን በገዛ እጃቸው ስለው ያሳዩት በዚያው አገር የተወለዱ ካህናት መሆናቸውን ይመሰክራል። አንድም ኢትዮጵያዊ ይህን ሳያይ ከቬኒስ እንዲመለስ አልፈልግም።

ግንኙነቱም ከካርታው ይቀድማል። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎረንስ ሰው መሪነት ነብሮችን ገጸ በረከት ይዘው ቬኒስ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1402 ነበር። በዚያው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ እየተጠራ ለረጅም ዓመታት አብያተ ክርስቲያናትን በሥዕል አስጊጧል።

ወደ ቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ ከመግባታችሁ በፊት በግንባሩ ላይ በስተግራ ጫፍ ካለው በር በላይ ያለውን የሞዛይክ ሥዕል ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ይዘውት የመጡት የወንጌላዊው ዐፅም ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያሳያል። ለብዙ ዘመናት ጳጳሳትን ከመንበረ ማርቆስ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ከዐፅሙ የተወሰነው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ በካይሮ አዲስ የተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በዓለ ምረቃ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር።

መልስ፦ አስቴር ዘሚላኖ

በኃይሉ ስለ ማደሪያ ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ግን መስትሬን አትናቁት። ባቡሩ በ10 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል፣ ሰፊ ክፍልም ይገኛል። ወጪው በእርግጥ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በመስትሬ አድሮ በየቀኑ እስከ ምሽት በቬኒስ መቆየት ይቻላል። በደሴቶቹ ላይ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው በፊት ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ሆቴሉ ስንት ድልድይ እንዳለ በካርታ ላይ ቁጠሩ፤ አብዛኞቹ ድልድዮች ደረጃ ያላቸው በመሆናቸው ከባድ ሻንጣ ላይ ታች እያሉ መሸከም የመጀመሪያውን ቀን ያበላሻል።

ለጾመኛዋ እህታችን፦ በየባካሮው፣ ማለትም በትንንሾቹ መጠጥ ቤቶች፣ በመደርደሪያ ላይ የሚታዩት ቁርሶች አብዛኞቹ ዓሣ፣ ፎርማጆ ወይም ሥጋ ያለባቸው ናቸው። ማሪናራ የሚባለው ፒሳ ግን ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ስለሆነ በየትኛውም ፒሳ ቤት ይገኛል። ፓስታ ስታዝ እንቁላል የሌለበት ደረቅ ፓስታ በቲማቲም እንዲሠራላት፣ ፎርማጆና ቅቤ እንዳይገባበት ታስረዳቸው፤ ጥያቄው ለአስተናጋጆቹ አዲስ አይደለም። የሪያልቶ ገበያም ጠዋት ላይ ከሳንት ኤራስሞ ደሴት የሚመጣ አትክልት ስለሚሸጥበት፣ ወጥ ቤት ያለው አፓርትመንት ብትከራዩ ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ።

ሠናይት ዘፍራንክፈርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በካናሬጆ ወጥ ቤት ያለው አፓርትመንት ለመከራየት ተስማምተናል፤ ካርታውንም በመጀመሪያው ቀን እናያለን። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ሙራኖ፣ ቡራኖና ቶርቼሎ የሚባሉትን ደሴቶች በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል?

በኃይሉ ዘፓዶቫ

ይቻላል፤ ግን ቅደም ተከተሉን አስቡበት። በማለዳ ከፎንዳሜንቴ ኖቬ በ12 ቁጥር ጀልባ ተሳፍራችሁ መጀመሪያ ወደ ቶርቼሎ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ639 የተመሠረተው የሳንታ ማሪያ አሱንታ ካቴድራል በምዕራብ ግድግዳው ላይ የዕለተ ምጽአት ሞዛይክ፣ በመቅደሱ በኩል ደግሞ በወርቃማ መደብ ላይ ብቻዋን የቆመች እመቤታችን አለችበት፤ ሕዝብ ሳይበዛ ብትደርሱ ረጋ ብላችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ባለ ደማቅ ቀለም ቤቶቹ ቡራኖ ተሻግራችሁ ምሳ ብሉ፤ ወንበር በቀላሉ የሚገኘው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ሙራኖን ለመጨረሻ አቆዩት፤ የመስታወት ምድጃዎቹ የእሳት አደጋ ተፈርቶ እ.ኤ.አ. በ1291 ከዋናው ከተማ ወደዚያ የተዛወሩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብለው ሥራ ስለሚያቆሙ የመስታወት አሠራሩን ለማየት ከፈለጋችሁ የቡራኖውን ምሳ አሳጥሩት።