ዲሲ አካባቢ ለምትነዱ፦ የትኛው የስፖርት ሬዲዮ ይሻላል?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ወገኖች፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ጥሩ ሬዲዮ ትልቅ ነገር ነው። ስፖርት ከወደዳችሁ የመጀመሪያውን ቁልፍ ለ106.7 ዘ ፋን ስጡት።

ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ወደ ስፖርት የዞረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ነው። ከዚያ በፊት የወሬና የቀልድ ጣቢያ ነበር። የጠዋቱ ፕሮግራም ግን ከዚህም ይቀድማል። ስፖርትስ ጀንኪስ የሚባሉት አራቱ ሰዎች የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አብሮ አደጎች ናቸው። ቦዊ ላይ በሰፈር የኬብል ቴሌቪዥን ጀምረው በ1996 ወደ ሬዲዮ ገቡ። አብሮ አደግነታቸው ያስታውቃል። ይተራረባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ ከዚያ ተመልሰው የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስ ለምን እንደተሸነፈ ይተነትናሉ። የሚደውለው ሰው ስሙንና ሰፈሩን ተናግሮ ይገባል፦ ከላውረል፣ ከውድብሪጅ፣ ከዋልዶርፍ። ጠዋት እነሱን የሰማ ሰው፣ ተሳፋሪው ስለ ማታው ጨዋታ ሲያነሳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሄ በቲፕም ይገለጻል ባይ ነኝ።

የዋሽንግተኑ ቡድን የናሽናልስ ቤዝቦልም እዚሁ ነው የሚተላለፈው። ቤዝቦል አይገባኝም የሚል ሀበሻ ብዙ ነው። በቴሌቪዥን ሳይሆን በሬዲዮ ሞክሩት። ጨዋታው ረጋ ያለ ስለሆነ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር እያንዳንዱን ውርወራ ለማስረዳት ጊዜ አላቸው። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የቤዝቦሉን ዋንጫ የሚወስድበት ፍጻሜ) ሰባተኛው ጨዋታ ሂዩስተን ላይ ነበር። ናሽናልስ እየተመራ ሳለ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን የመስመር ምሰሶ ነካች። ሆም ራን፣ ማለት መቺው ዙሩን ሙሉ ሮጦ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት! መሪነቱ ተገለበጠ፣ ጨዋታውም 6 ለ 2 አለቀ። አራቱንም ድል ያገኙት ከሜዳቸው ውጪ ነው። እንዲህ ያለ ምሽት በሬዲዮ ሲሰማ ልብ ያንጠለጥላል። የካፒታልስ ሆኪም እዚያው አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጣቢያው ፈቃዱ የማናሳስ፣ ቨርጂኒያ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ጥርት ይላል፤ ወደ ባልቲሞር እየራቃችሁ ስትሄዱ ይደክማል።

ሁለተኛው 980 ኤኤም ነው። በዕድሜ ይበልጣል። በ1992 በ570 ላይ ተጀምሮ በ1998 ወደ 980 ተዛወረ። ጋዜጠኛው ቶኒ ኮርንሃይዘር የሬዲዮ ስሙን ያተረፈው እዚያ ነው። በ2008 ጣቢያውን የገዛው ግን የዛሬው ኮማንደርስ የዚያን ጊዜ ባለቤት የዳን ስናይደር ኩባንያ ነበር፤ እስከ 2018 በእጁ ቆየ። የቡድኑ ጌታ የሬዲዮውም ጌታ ሲሆን አድማጭ ጆሮውን ማቆም አለበት። ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በ2020 ጣቢያው ዛሬ ኦዳሲ የሚባለው የ106.7 ባለቤት እጅ ገባ፤ ስለዚህ ሁለቱ አሁን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የአሜሪካ ፉትቦል ወሬ ለሚያሳድድ ሰው 980 አይከፋም። ድልድይና ፓርኪንግ ስር ግን ይንጫጫል።

ወሬው ለሚበዛበት ሰው ደብሊው ቶፕ 103.5 ይበቃዋል። የዜና ጣቢያ ቢሆንም በየሰዓቱ በ15ኛውና በ45ኛው ደቂቃ ስፖርት አለው። ትራፊክ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው፦ በ8፣ በ18፣ በ28 እያለ ይቀጥላል። ቤልትዌይ ሲዘጋጋ ወደዚያ ቀይሩ።

የእኛን እግር ኳስ ከፈለጋችሁ እነዚህ አያጠግቧችሁም። አርሰናልና ማንቼ ለሚሏችሁ፣ ክፍያ ካልከበዳችሁ ሲሪየስ ኤክስ ኤም ኤፍሲ 157 ላይ አለላችሁ። ያለ ክፍያ በአማርኛ ከሆነ፣ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞችን በስልክ ክፈቱ። ሰዓቱን ብቻ አስሉ፦ እዚህ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ በ7 ሰዓት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ በ8 ሰዓት ትቀድመናለች። የእነሱ የምሽት 2 ሰዓት ለእኛ ምሳ ሰዓት ግድም ነው።