ቢል ዚቶ ጎበዝ ነው ወይስ ዕድለኛ?

የማራኪው፦ የሰሜን አሜሪካውን የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ (NHL) ፍጻሜ ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሳችሁ የምታዩ የጎንደር ሆኪ ወዳጆች፣ እስቲ ፍረዱ። የፍሎሪዳ ፓንተርስ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ዚቶ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በአንድ የውድድር ዓመት 115 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ያመጣውን አጥቂ ሁበርዶን፣ ተከላካዩን ዊገርን፣ አንድ ወጣት ተጫዋችና የመጀመሪያ ዙር የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተራ ለካልጋሪ ቡድን ሰጥቶ አጥቂውን ትካቸክን አመጣ። አልበዛም?

አዘዞ፦ ምኑ ነው የበዛው? ትካቸክ 24 ዓመቱ ነበር፤ በዓመት 9.5 ሚሊዮን ዶላር ለ8 ዓመት ፈረመ። ሁበርዶ በ29 ዓመቱ 10.5 ሚሊዮን ተሰጥቶት በቀጣዩ ዓመት 55 ነጥብ ላይ ወረደ። ፍሎሪዳ ደግሞ የ2024ንና የ2025ን ዋንጫ በላች።

ፒያሳ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነህ። የ2025ቱ ግን የሒሳብ ጨዋታ ነው። ትካቸክ የረጅም ጊዜ ጉዳተኛ ተብሎ ሲመዘገብ የደመወዝ ጣሪያውን (አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለትን ከፍተኛ ገንዘብ) ማለፍ ተፈቀደላቸው፤ ተከላካዩ ሴዝ ጆንስና አጥቂው ማርሻንድ በዝውውር ገቡ። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ትካቸክ ተመለሰ፣ ያኔ እዚያ ላይ ጣሪያ አልነበረም!

አዘዞ፦ ወንድሜ፣ ሕግ አልጣሰም። ቀዳዳውም ከ2025-26 ጀምሮ ተደፍኗል፤ በጥሎ ማለፍም የዕለቱ ተሰላፊዎች ደመወዝ ከጣሪያው መብለጥ የለበትም።

የማራኪው፦ እኔን የከነከነኝ ግብ ጠባቂው ነው። ዋናው በረኛ ቦብሮቭስኪ 36 ዓመት ሞልቶት ሳለ ወጣቱን በረኛ ናይትን በጆንስ መለወጥ ምን ይባላል?