የእድር መዝገብ ፕሮግራም ፕሮፖዛል፦ የቀኝ ክሊክ ሜኑው ይቀረናል

አስተባባሪ፦ ሰላም ሁላችሁም። ፕሮፖዛሉ ለእድሮቹ ከመሄዱ በፊት የቀረን ይሄ ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና መስኮቶቹን በሚሠራልን በቲኪንተር እንደምንሠራ ተስማምተናል፣ እሱን መልሰን አንክፈተው በናታችሁ። የአባላት ሰንጠረዡ ላይ ቀኝ ሲጫኑ «አርም»፣ «ክፍያ መዝግብ»፣ «ሰርዝ» ይምጣ ባይ ነኝ።

የሸዋሮቢት አባል፦ እኔ «ሰርዝ»ን ነው የምፈራው። ትሪቪው (የቲኪንተር ሰንጠረዥ) ላይ ቀኝ ክሊክ ረድፉን አይመርጥም እኮ! ቅድም አንዲት እናት በግራ ክሊክ ተመርጠው ከቆዩ፣ አሁን ታች ያለው ሰውዬ ላይ ቀኝ ተጭነህ «ሰርዝ» ስትል የሚጠፉት እሳቸው ናቸው። ሜኑው የወጣው ሰውዬው ስም ላይ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ የሚታወቀው ለቅሶ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ደግሞ ከእድርተኛ ጋር ማን ይከራከራል። መጀመሪያ አይደንቲፋይ ሮው በሚባለው ትእዛዝ ጠቋሚው ያረፈበትን ረድፍ እንወቅና እንምረጠው፣ ከዚያ ሜኑው ይከፈት። ባዶ ቦታ ላይ ጭራሽ አይከፈት። ይሄ በግልጽ ይጻፍልኝ።

የደብረ ብርሃን አባል፦ እስማማለሁ። ሌላው ጥቃቅን ነው። ሜኑው አንዴ ተሠርቶ ይቀመጥ፣ በየክሊኩ አዲስ አንፍጠር። ቲርኦፍ (ሜኑውን መገንጠያው) ዜሮ ይሁን፤ አለዚያ ቲኪንተር በቆመበት በቲኬ 8.6 ስሪት አናቱ ላይ የተቆራረጠ መስመር ይመጣል፣ እሱን የነካ ሰው ሜኑውን ገንጥሎ መስኮት ያደርገዋል። ሜኑውን ለሚከፍተው ለቲኬ ፖፕአፕ የሚሰጠው ኤክስ ሩትና ዋይ ሩት፣ ማለትም ከስክሪኑ ጥግ የተለካው ቦታ ነው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ የተለካውን ተራውን ኤክስና ዋይ ከሰጠነው ከተጫንበት ርቆ ይከፈታል። ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ላይ በዚሁ ስሪት የማውሱ የቀኝ ቁልፍ ቁጥር 2 ነው እንጂ 3 አይደለም፣ ግን እድር ቤት ውስጥ ማክ ያየ እጁን ያውጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆቼ፣ ኮዱን ለእናንተ ትቻለሁ። የእድር ጸሐፊዎቹ ግን አብዛኞቹ የእኔ እኩዮች ናቸው። ቀኝ ክሊክ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ይነግራቸዋል? ምንም ምልክት የለውም።

የደብረ ብርሃን አባል፦ ልክ ነዎት ጋሼ። እንግዲያው ሦስቱም ከሰንጠረዡ በላይ በግልጽ በተን ይኑራቸው፣ ሜኑው አቋራጭ ብቻ ይሁን። ማውስ ለተበላሸበትም ሜኑውን እንዲከፍቱለት ሺፍትና ኤፍ 10 ቁልፎችን እናስርለታለን።

አስተባባሪ፦ በቃ ተግባብተናል። «ሰርዝ» በመስመር ተለይቶ ታች ይቀመጥ፣ ከመሰረዙም በፊት የአባሉን ስም ጠርቶ ይጠይቅ። የወሩን ለከፈለ «ክፍያ መዝግብ» ይደብዝዝ። ሸዋሮቢት፣ የረድፉን ጉዳይ አንተው ጻፈው። ጋሼ፣ በተኖቹ ላይ የሚጻፉትን ቃላት እርስዎ ይምረጡልን።