ወደ ትሮምሶ ልንዛወር ነው፤ የጨለማውን ወራት እንዴት ትዘልቁታላችሁ?

ጥያቄ፦ የናቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አግኝቶ ከኦስሎ አካባቢ ወደዚያ ልንሄድ ነው። የምንገባው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ልክ ጨለማው ሊጀምር ሲል። የ4 ዓመት ልጅ አለን። መኪና ለጊዜው የለንም። ፀሐይ ሳትወጣ ያን ሁሉ ሳምንት እንዴት ይኖራል? ለልጁስ ምን ልብስ ላዘጋጅ? ቅዳሜና እሁድ ያለ መኪና የት ይኬዳል? ጾመ ነቢያትንም እጾማለሁ፤ ጾሙና ጨለማው አንድ ላይ ሊመጡብኝ ነው። እባካችሁ የኖራችሁበት ምከሩኝ።

መልስ፦ ነርሷ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ከመጣሁም ቆይቻለሁ። ፀሐይ ከኖቬምበር 27 ገደማ እስከ ጃንዋሪ 15 ገደማ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ይሄ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት አይደለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ለሦስት አራት ሰዓት ያህል ሰማዩ ይገለጣል። ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ሲጠራ ደቡብ በኩል ወደ ሮዝ ይሄዳል። መሬቱ በረዶ ከለበሰ ደግሞ የበለጠ ይፈካል።

ያቺን ሰዓት እንዳታሳልፊያት። በምሳ ሰዓት ለ20 ደቂቃም ቢሆን ውጪ። በመስኮት ማየት አይተካውም። ጠዋት ስትነሺ የቤቱን መብራት በሙሉ አብሪ፣ ማታ ቀንሺ። የመኝታ ሰዓታችሁም አይዛነፍ። እዚህ ሰው የሚጎዳው ማታ አምሽቶ ጠዋት ሲተኛና ያቺን ትንሽ ብርሃን ሲያጣት ነው።

ቪታሚን ዲ የግድ ነው። በጨለማው ወራት ሰውነታችን ከፀሐይ ምንም አያገኝም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ባለበት ጊዜም ቪታሚኑን ለመሥራት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። የአገሩ ጤና መሥሪያ ቤት ለልጅም ለአዋቂም በቀን 10 ማይክሮግራም ይመክራል። ኖርዌዮቹ ትራን የሚሉት የዓሣ ጉበት ዘይት አለ፤ 5 ሚሊ ሊትሩ ይህን ያህል ይሰጣል። በጾም ግን ያ አይሆንልሽም፤ እንቁላሉም ወተቱም የለም። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ሄደሽ ከእንስሳት ያልተሠራ ቪታሚን ዲ ስጡኝ በዪ፤ አለ። የአጃ ወተት ስትገዢም ቪታሚን ዲ የተጨመረበት መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቢ። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ በፊት ሐኪምሽ ደምሽን ቢያይልሽ ጥሩ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። እንቅልፍ ማጣትና መከፋት ለሳምንታት ከዘለቀብሽ "አገሩ ነው፣ እለምደዋለሁ" ብለሽ ዝም አትበይ። ለሐኪምሽ ንገሪ። እዚህ የተለመደ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይገረምብሽም።

መልስ፦ የናርቪኩ

ብርዱን ብዙ አትፍሪው። ትሮምሶን ሞቃት የባሕር ሞገድ ስለሚነካት የጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚያስፈራው መንገዱ ነው። በረዶ ይወርዳል፣ ከዚያ ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይጋገራል። አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። ብሮደር የሚሉትን፣ ጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ነገር፣ በገባሽ ቀን ግዢ። ሱፐርማርኬትም መድኃኒት ቤትም አለ። ሱቅ ስትገቢ ግን አውልቂው፤ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል። ሬፍሌክስ፣ ልብስ ላይ የሚደረገው የመኪና መብራት የሚያንጸባርቅ ነገር፣ ደግሞ ለሁላችሁም፤ በጨለማ ሹፌር አያያችሁም።

መኪና ስትገዙ ባለ ብረት ጥርስ ጎማ እዚህ ሰሜን ከኦክቶበር 16 እስከ ኤፕሪል 30 ይፈቀዳል። ባለቤትሽ በረዶ ላይ ካልነዳ ትምህርት ይውሰድ። ወፍራም ጃኬት ላይ ግን ገንዘብ አታፍስሱ፤ ውስጥ የሚለበሰው ነው ዋናው።

መልስ፦ የሁለቱ እናት

በጃኬቱ አልስማማም፣ ወንድሜ። ለአዋቂ ልክ ነህ። ልጅ ግን ባርነሀገ (መዋዕለ ሕፃናት) ውስጥ ዝናብም በረዶም ይሁን በየቀኑ ውጪ ነው የሚጫወተው። የናቲ እናት፣ ለልጁ ጥሩ ሙሉ የበረዶ ልብስ ግዢለት። ሥሩ ከበግ ፀጉር የተሠራ ስስ የውስጥ ልብስ ይሁን፤ ጥጥ አታልብሺው፣ ሲረጥብ ያበርደዋል። ጓንቱ ጣቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት ይሁን፤ ሁለት ሦስት ጥንድ ያስፈልገዋል። ክንዱ ድረስ የሚወጣ ከሆነ በረዶ አይገባበትም። ጫማው ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ከጠበበ በወፍራም ካልሲ እግሩ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ላይ፣ እያንዳንዱ ጓንት ላይ ሳይቀር፣ ስሙን ጻፊ። የሁሉም ልጅ ልብስ አንድ ዓይነት ነው፣ ይጠፋል።

አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ፊን በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሌላ ልጅ የጠበበ ንጹሕ ልብስ በቅናሽ ይገኛል፤ ፍሬቴክስ የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሱቅም ጎራ በዪ። ስኪና መንሸራተቻ ደግሞ ቡአ የሚባለው የስፖርት ዕቃ ማዋሻ በብዙ ከተሞች በነፃ ያውሳል።

ጃንዋሪ 21 የፀሐይ ቀን ነው። ፀሐይዋ ጥቂት ቀን ቀድማ ትመለሳለች፤ ግን ተራራው ይጋርዳታል። ልጆቹ ውጪ ይጠብቋታል፣ ክብ ጣፋጭ ዳቦ ይበላል። ናቲ እንዳያመልጠው።

መልስ፦ ተጓዥ

ያለ መኪና ብዙ አለ። ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። አናቷ ላይ ፕረስትቫነት የሚባል ሐይቅ አለ፤ ዙሪያውን በእግር መሄድ ለልጅም አይከብድም። ሰማዩ ከጠራ የሰሜኑን ብርሃን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን አረንጓዴ ብርሃን፣ ከዚያ ማየት ይቻላል። ደሴቲቱን የሚያቋርጥ መብራት ያለው የስኪ መንገድም አለ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ በገመድ መኪናው ወደ 421 ሜትር ከፍታ መውጣት ነው፤ ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። ነፋስ ሲበረታ ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የሰሜኑን ብርሃን የሚያሳየው ቱር ውድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አትክፈሉ፤ እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ ጊዜ አላችሁ። ብትሄዱም ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ ፊንላንድ ድረስ ሊወስዷችሁ ስለሚችል ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ያዙ።

ረዘም ላለ ጉዞ ናርቪክን እመክራለሁ። ትሮምሶ ባቡር የለም። ግን ናርቪክ በአውቶቡስ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ባቡሩ በአቢስኮ በኩል ወደ ስዊድኗ ኪሩና ይሄዳል። ከፊዮርዱ (በተራሮች መካከል ከገባው የባሕር ክንድ) ወደ ተራራው ሲወጣ በመስኮት የሚታየው ነገር ለብቻው ጉዞ ነው። ማርች ላይ ሂዱ፤ ብርሃኑም በረዶውም ያኔ አለ።

መልስ፦ ኑረዲን

ለሙስሊም ወገኖችም ልጨምር። ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 22 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። በዚያ ወቅትና ጨርሶ በማትወጣበት ጊዜ እዚህ ብዙዎቻችን ለሶላት የመካን ሰዓት ነው የምንከተለው። የናቲ እናት፣ አንቺም ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ ከአሁኑ አስቢ። ልጅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ እያየ አልተኛም ይልሻል።

የናቲ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ቀለለኝ። አንድ ብቻ ቀረችኝ። ሊጡ በዚያ ብርድ ይቦካል?

ነርሷ

ይቦካል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚሞቅ ከሆነ ባልዲውን እዚያ አስቀምጪው። ሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጊ፤ ቀጥታ ከነካው ከታች ብቻ ይሞቃል። ውሃው ከላይ እስኪጠልል አትቸኩዪ፤ ከኦስሎ አንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። አብሲቱን ከዚያ በኋላ ጣዪ። ጤፉን ለመጀመሪያው ወር የሚሆን ከኦስሎ ይዘሽ ነይ። እርሾም በማሰሮ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ያዢ፤ ባትችዪ ስትደርሺ ከእኔ ትወስጃለሽ።